ቅኝትና ኮርድ፤ ክራርና ጊታር በእንጦጦ ግርጌ

ጊታር ሊማር የሚነሣ ወጣት ከመሣሪያው ቀጥሎ የሚሻው ነገር ቢኖር ኮርዶች በሥዕል የተመለከቱበት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉም አብዛኛውን ጊዜ በአራት ክፍል ተደልድሎ ይገኛል፤ ይኸውም አውታሮቹ እንዴት እንደሚቃኙ፣ ጣት በየትኛው ፍሬት ላይ ቢጫን የትኛው ኮርድ እንደሚገኝ፣ ስኬል ሽቅብና ቍልቍል እንዴት እንደሚጠና፣ በመጨረሻም ቀኝ እጅ ምቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ይህ አከፋፈል ለአውሮፓ ሙዚቃ ትክክል ነው። ለእኛ ግን ከመነሻው የሚያሳስት ነገር አለበት፤ ምክንያቱም በአማርኛ አውታር መቃኘትና ስኬል ሁለት ነገሮች አይደሉም። ቅኝት ስንል አውታሩን የማጥበቁና የማላላቱ ሥራ ነው፤ ከዚያ ሥራ የሚገኘው የድምፆች ተራም ያው ቅኝት ነው፤ በዚያ ተራ የሚዘፈነው የዜማ ዓይነትና የሚያሳድረው ስሜት እንኳ ቅኝት ይባላል። ለክራር ተጫዋች «ትዝታን አጥና» ማለትና «ክራርህን በትዝታ ቃኝ» ማለት ብዙም አይራራቁም። ለጊታር ተማሪ ግን መቃኘት ከትምህርቱ በፊት ተፈጽሞ የሚረሳ ጕዳይ ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የተነሣሁት ይህ ልዩነት በአዲስ አበባ የአውታር ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ምን እንዳስከተለ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ የሀገራችን ጊታር አጨዋወት ከባሕር ማዶ በሸክላና በመጽሐፍ የመጣ ቅጅ ነው ይላሉ። እኔ ግን የቀኙ እጅም የግራውም እጅ አስተማሪ ከጊታር በፊት እዚሁ ነበረ የሚል አሳብ አለኝ፤ አሳቤንም በተቻለኝ መጠን በማስረጃ ለመደገፍ እሞክራለሁ። ስለ ሸክላዎቹና ስለ ባንዶቹ የተጻፈው በአብዛኛው የውጭውን ዘመን ስለሚከተል፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ያደርሳል። ይህ አገር ስሙን የወረሰው ከጥንቶቹ ከጉለሌ ኦሮሞዎች ነው። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የሚታወቀው በሸማኔው ነው፤ ከጋሞ ደጋዎች፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች እዚህ ሠፍረው የከተማውን ነጠላና ቀሚስ ይሸምናሉ። እኔም የተከራየሁት ክፍል ከአንድ የሽመና ቤት አጠገብ ስለ ሆነ ሌሊት ጊታር ሳጠና ምቱን የምጠብቀው በሰዓት መቍጠሪያ ሳይሆን በግድግዳው ማዶ በሚሰማው የመወርወሪያ ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለታሪክ ተማሪ ግን በዚህ ዳገት ላይ ከሽመናው የሚተናነስ የማይባል ሌላ ነገር አለ። በ1950 በእንጦጦ የተወለደው ዓለሙ አጋ በኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የበገና ደርዳሪ ሆኗል። በገና መማር የጀመረው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ሲሆን፣ ያስተማሩትም በቤተሰቦቹ ሠፈር የነበሩት አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ናቸው። እንግዲህ ይህ የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው፤ ከተራራው ግርጌ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ በተሰጠበት፣ በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አዲስ አበባ በገቡበት፣ በመሀል ከተማም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በሳክስፎንና በትራምፔት ሕዝቡን በሚያስጨፍርበት ዘመን። አንድ ሕፃን ከአንድ አለቃ ፊት ተቀምጦ ዐሥር አውታር ያለውን መሣሪያ ሲማር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ ዓለም ይጀምር ነበር ማለት ነው።

በገና ለዚህ ጥናት የሚጠቅመን ስለ ቅኝት ግልጽ ትምህርት ስለሚሰጥ ነው። አውታሮቹ ዐሥር ቢሆኑም ሁሉም አይደረደሩም፤ ጥቂቶቹ ለጣት ማሳረፊያ የሚያገለግሉ ናቸው። የሚደረደሩት አውታሮች የሚሰጡት ልዩ ልዩ ድምፅ አምስት ነው። በበርኩማውና በአውታሩ መካከል እንዚራ የተባለ ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚያውቁት ዝዝታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደርዳሪው እንዚራውን በፀጕር ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢያንቀሳቅሰው ድምፁ ይሞታል ወይም ይነቃል። ስለዚህ በገና መቃኘት አውታርን ማጥበቅ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ሊፈጅ የሚችል ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የጊታር መጽሐፍ ለመቃኘት የሚሰጠው አንዲት ገጽ ብቻ መሆኗን ሳስብ ከዚህ ጋር አወዳድራለሁ።

ክራር ለጊታር የቅርብ ዘመድ ነው። ታሪኩ ግን ከበገና በተቃራኒ በንቀት የተከበበ ነበር። ትውፊቱ በገናን ከንጉሥ ዳዊት ጋር ሲያያይዘው ክራርን ከዘፈንና ከጠጅ ቤት ጋር ያያይዘዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት አርእስት ላይ የሰይጣን መሣሪያ የሚለውን ስም እስከ መጥቀስ መድረሳቸው ይህን ያሳያል። ይህን መሣሪያ ወደ ትያትር መድረክና ወደ ሸክላ ካወጡት መካከል የክብር ዘበኛው ካሣ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና በ2011 ያረፈችው ተዋናይቱ አስናቀች ወርቁ ዋነኞቹ ናቸው። አስናቀች ብቻዋን ተቀምጣ ድምፅዋንና ክራርዋን ስታሰማ ያዳመጠ ሰው ሌላ መሣሪያ እንደ ጐደለ አይታወቀውም። ይህ የሆነበት ምክንያት ከአጨዋወቱ ይገኛል።

የክራር አካል ቀላል ነው፤ ቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው የሚወጡ ሁለት ዓምዶች፣ በላያቸው የሚጋደም ቀንበር፣ ከቀንበሩ ወደ ታች የሚወርዱ አምስት ወይም ስድስት አውታሮች። አውታሩ ዱሮ ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በናይሎንና በሽቦ ተተክቷል። ከአውታሮቹ በስተጀርባ ጣት የሚጭንበት እንጨት ስለሌለ፣ እያንዳንዱ አውታር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አምስቱ አውታሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው መጫወቱን አቁሞ እንደ ገና መቃኘት አለበት።

አጨዋወቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጣት አንድ በአንድ እየነኩ መደርደር ነው። ሁለተኛው ቀኝ እጅ በመምቻ አውታሮቹን በሙሉ ሲመታ፣ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ በኩል ሆነው የማይፈለጉትን አውታሮች እየነኩ ዝም ማሰኘት ነው። ይህ ሁለተኛው ዘዴ እጅግ ሊጤን ይገባዋል። በጊታር ላይ ጣት የሚጫነው ድምፅን ለመፍጠር ነው፤ በክራር ላይ ግን ጣት የሚነካው ድምፅን ለመከልከል ነው፤ ዜማው የሚወጣው ጣት ከተነሣበት አውታር ነው። ዝም የተባሉት አውታሮችም ጨርሰው አይጠፉም፤ ደረቅ የከበሮ ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ። አንድ ሰው ዜማና ምት በአንድ ጊዜ የሚጫወተው በዚህ መንገድ ነው፤ አስናቀች ብቻዋን የበቃችውም በዚህ ነው።

ከሠፈሬ ሰዎች አንድ ሽማግሌ አሉ። ዱሮ ወታደር የነበሩ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ላይ ሆነው ማታ ማታ ክራር ይጫወታሉ። አንድ ቀን ጊታሬን ይዤ ሄድኩና በመጽሐፍ የተማርኋቸውን ኮርዶች አሰማኋቸው። በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን የቱን ዘፈን ልትጫወት ነው የተነሣኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አባባ፣ ይህ ገና መለማመጃ ነው» አልኋቸው። «መለማመጃው ዘፈኑ አይደለም እንዴ?» አሉና ክራራቸውን አንሥተው መቃኘት ጀመሩ። የቃኙትም ከሹካ ወይም ከፒያኖ አልነበረም፤ መጀመሪያ ጕሮሯቸውን ጠርገው ለዕለቱ የሚመቻቸውን ድምፅ በአፋቸው አሰሙ፤ ከዚያ የታችኛውን አውታር በእርሱ ላይ ቃኙ፤ ቀጥሎ በኦክታቭ የሚበልጠውን፣ ከዚያ የመካከሉን፣ የቀሩትንም በነዚያ መካከል። እየቃኙ ሳሉ መቃኘቱ በምን ጊዜ እንዳለቀና ዜማው በምን ጊዜ እንደ ጀመረ ልለየው አልቻልሁም።

አሁን ወደ ጊታር እንመለስ። ስድስት ነጠላ አውታር ያለው ጊታር በአውሮፓ የተደላደለው በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ጊታር ደግሞ የ1930ዎቹ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊው ሙዚቃ የተጀመረው በአውታር ሳይሆን በናስ ነበር። ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በ1924 አዲስ አበባ ሲገቡ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የያዙት የንፋስ መሣሪያ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የወታደር፣ የፖሊስና የትያትር ቤት ኦርኬስትራዎች መሠረታቸው ጡሩምባና ሳክስፎን ነበር፤ ጊታር ቢኖርም ከኋላ ተቀምጦ ምት የሚጠብቅ ነበር። ወደ ፊት የወጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ትናንሽ የግል ባንዶች በሆቴልና በምሽት ክበብ በበዙበት ጊዜ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 የግሉን የሸክላ ድርጅት ሲጀምር የነዚህን ሰዎች ሥራ ለመቅዳት ዕድል ተከፈተ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ያስተምር የነበረው ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። አሳቡም ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ አብሮ ማጫወት ነበር። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ ከሰላም ጓድ የመጣው ቻርልስ ሰተንም ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ አብሮ ሠርቷል። ይህ ቡድን ያጋጠመው የመጀመሪያ ችግር ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ዋሽንት ግን ከተበሳ በኋላ አይቃኝም። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲጫወት አንዱ ለሌላው መገዛት አለበት። ለብቻ የሚቃኝ መሣሪያ ወደ ማኅበር ሲገባ ከነጻነቱ የሚያጣው ነገር እንዳለ የታየው በጊታር ምክንያት ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ኮርድ ግን የባሰ ጥያቄ አመጣ። ይህን በቍጥር ማሳየት ስለሚቻል አንባቢው ትንሽ ይታገሠኝ። መነሻችንን ዶ ብናደርግ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ትዝታ ማይነር ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን ባቲ ማይነር ሚንና ሲን ዝቅ ያደርጋል። አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው። የአውሮፓ ኮርድ የሚሠራው ከስኬሉ ላይ አንድ እየዘለሉ ሦስት ድምፅ በመደራረብ ነው፤ በሰባት ድምፅ ስኬል ላይ ከእያንዳንዱ ድምፅ አንድ፣ በጠቅላላው ሰባት ኮርድ ይገኛል። በእኛ አምስት ድምፆች ላይ ግን ከቅኝቱ ሳንወጣ ኮርድ እንሥራ ብንል ትዝታ ሜጀር የሚሰጠን የዶ ሜጀርንና የላ ማይነርን ብቻ ነው። ትዝታ ማይነርም ሁለት፣ ባቲም በሁለቱም ዓይነቱ ሁለት ሁለት ብቻ ይሰጣል።

አምባሰል ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከፋል። ከዚያም ሁለት ኮርድ ይገኛል፤ ነገር ግን ሁለቱም በመነሻው ድምፅ ላይ የቆሙ አይደሉም። አንደኛው በፋ፣ ሁለተኛው ዝቅ ባለው ሬ ላይ የቆመ ነው። ይህ ማለት ዜማው አርፎ በሚዘጋበት ስፍራ ጊታረኛው የሚያሳርፍበት የራሱ ኮርድ የለውም ማለት ነው። የግድ ኮርድ ላስገባ ካለ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ መበደር አለበት፤ የተበደረው ድምፅ ደግሞ አምባሰልን አምባሰል ያሰኘውን ያጠፋዋል። አንቺ ሆዬም በዶ ላይ የሚቆም ኮርድ የለውም፤ ከዚያ የሚገኙት ኮርዶች እርስ በርሳቸው በግማሽ ድምፅ የሚጋጩ ስለ ሆኑ ጀማሪውን ግራ ያጋባሉ። እኔ በመጽሐፌ መሪነት አምባሰልን በማይነር ኮርድ ላጅብ ሞክሬ አንድ ወር ያህል ከንቱ ደክሜአለሁ፤ ስሕተቱ የጣቴ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ የአዲስ አበባ ጊታረኞች ይህን እንዴት ተወጡት? መልሱ በሸክላው ላይ ይገኛል። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀዳውን «እሬ መላ መላ» የተባለውን ሥራ ያዳመጠ ሰው ጊታሩ ኮርድ እየለዋወጠ እንደማይሄድ ይገነዘባል። ቤዙ አንድን አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ይይዛል፤ ጊታሩ ወይ ከዜማው ጋር ይሄዳል፣ ወይ በአጫጭርና በታፈነ ምት ክፍተቱን ይሞላል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ የክራር እጅ ነው። የግራ እጅ ጣት አውታሩን ሳይጫን ነክቶ ሲያፍነው፣ ቀኙም ሁሉንም ሲመታ፣ የሚወጣው ድምፅ የክራሩ ደረቅ ምት ነው። አንዳንዱ ይህን ከአሜሪካ የሶል ሙዚቃ የመጣ ነው ሊል ይችላል፤ በእርግጥም ሸክላው በዚያን ጊዜ በየቤቱ ነበረ። ዳሩ ግን ሰው ከውጭ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ያለውን የሚመስለውን ነው።

የዚሁ ባንድ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ጊታረኛ የነበረው ሰላም ሥዩም ሙዚቃን የጀመረው በአሥመራ ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ምሳሌ የሚሆነው ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ማጥናቱና ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ አጀማመርና እድገት የምርምር ጽሑፍ ማዘጋጀቱ ነው። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ባንዶቹ በሆቴል ውስጥ በራቸው ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ እንግዳውም አብሮ ያድር ነበር። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ሲተካ ደግሞ ያው ጥቂት ሙዚቀኞች ለብዙ ዘፋኝ ያጅቡ ጀመር። አንድ ጊታረኛ በአንድ ሌሊት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ የትግርኛና የጉራጊኛ ዘፈን መጫወት ነበረበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ጊታሩን እንደ ገና ለመቃኘት ጊዜ አልነበረውም፤ ቅኝቱን በፍሬቱ ላይ በጣቱ መፈለግ ግድ ሆነበት። እንግዲህ ቅኝትና መቃኘት የተለያዩት፣ በሌላ አነጋገር ቅኝት ከአውታር ወደ ጣት የተሸጋገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሌላ በኩል ሙላቱ አስታጥቄ የአውሮፓንና የአሜሪካን ኮርድ በአምስቱ ድምፆች ሥር እያነጠፈ፣ ዜማው ግን እንዳይዋጥ እየተጠነቀቀ የራሱን መንገድ ሄዷል፤ ስለ እርሱ ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አልደግመውም።

አሁን አንባቢው ጊታሩን አንሥቶ ሊያረጋግጠው የሚችል አንድ ነገር ላመልክት። ጊታር በተለመደው አኳኋን ሲቃኝ አውታሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ሚ ስለ ተደገመ ልዩ ልዩዎቹ ድምፆች አምስት ብቻ ናቸው። እነዚህን ከሶል ጀምረን ብንደረድራቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ። ይህ ምንም ሳይጨመርበት ትዝታ ሜጀር ነው! ከሚ ጀምረን ብንደረድራቸው ደግሞ ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ከዚያ ሲን በግማሽ ድምፅ፣ ሁለቱን ሚዎችም እንዲሁ በግማሽ ድምፅ ብናላላቸው፣ ከሶል ሲነሣ ትዝታ ማይነር፣ ከሬ ሲነሣ አምባሰል እናገኛለን። ሦስት መቃኛ ብቻ በመንካት፣ ጣት ፍሬት ሳይነካ፣ አራት ቅኝት ማለት ነው። ባቲ ሜጀርና አንቺ ሆዬ ግን በዚህ መንገድ አይገኙም፤ ለየራሳቸው ሌላ ቃኝታ ይሻሉ። የአውሮፓ ሰዎች ጊታርን እንዲህ የቃኙት ለኮርድ አያያዝ እንዲመቻቸው እንጂ ስለ ትዝታ ሰምተው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቢሆንም መሣሪያው ካልነኩት የእኛ መሆኑ ያስገርመኛል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ ትዝታ ማይነርና አምባሰል መነሻቸው የተለያየ አንድ ስኬል ናቸው ብለን ብንጽፍ፣ ለሽማግሌው ግን ሁለት ፍጹም የተለያዩ ዓለሞች ናቸው፤ ዜማው የሚያርፍበትና የሚዞርበት ስፍራ የተለያየ ነውና። ደግሞም ፍሬት ኦክታቩን በዐሥራ ሁለት እኩል ክፍል የሚቈርጥ ሲሆን ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ጆሮም እኩል አይቈርጥም። ሽማግሌው የቃኙትን ትዝታ ወደ ጊታሬ ለመገልበጥ በሞከርሁ ጊዜ አንዱ አውታር በሁለት ፍሬት መካከል ወደቀብኝ። መቃኛውን ጠምዝዤ ተከተልሁት። እንዲህ የተቃኘውን ጊታር በአንድ የተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ላይ ይዤ ስወጣ፣ ከዳኞቹ አንዱ «በመጀመሪያ ጊታርህን ቃኝ» አለኝ። ልመልስለት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም በተማረው መሠረት ትክክል ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ ወረድሁ።

ስለ ምት በአጭሩ ላክል። ችክችካ የምንለው ምት ስድስት ትናንሽ ምቶች ያሉት ነው፤ ጆሮ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ ሊሰማው ይችላል፣ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎም ሊሰማው ይችላል። መጽሐፉ ቀኝ እጅ ያለማቋረጥ አንድ ጊዜ ወደ ታች አንድ ጊዜ ወደ ላይ ይመላለስ ይላል። ይህን በችክችካ ላይ ያደረገ ሰው መጀመሪያው ምት ወደ ታች፣ አራተኛው ምት ግን ወደ ላይ ይወድቅበታል። ሁለቱም ከባድ ሊሆኑ የሚገባቸው ምቶች ስለ ሆኑ፣ ወደ ላይ የወጣው ቀልሎ ጭፈራው ያነክሳል። መድኃኒቱ ታች፣ ላይ፣ ታች፤ እንደ ገና ታች፣ ላይ፣ ታች ማለት ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ተከታትለው ወደ ታች ይወርዳሉ። በመጀመሪያ እጅን ያደናቅፋል፤ በዝግታ ተጀምሮ ለጥቂት ሳምንት ሲለማመዱት ግን ይለቃል። ሽማግሌው መምቻቸውን በዚህ ዓይነት ሲያንቀሳቅሱ አይቻለሁ፤ ማን እንዳስተማራቸው ስጠይቃቸው «ትከሻ ነዋ!» አሉኝ።

ወደ እንጦጦው ልጅ ታሪክ ልመለስ። ዓለሙ አጋ በዩኒቨርሲቲው ጂኦግራፊ ካጠና በኋላ በ1972 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀመረ። ከአለቃ ተሰማ የተቀበለውን ለሌሎች ለማስተላለፍ በቂ ጊዜ ያገኘ መስሎ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ በመሆኑ በደርግ ዘመን በ1980 ትምህርቱ ተቋረጠ። ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። በገናን በትምህርት ቤት መማር በተከለከለበት በዚያ ዘመን ጊታር በየሆቴሉ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር፤ ጊታር ምንም ዓይነት እምነት የሌለው መሣሪያ ስለ ነበር። ከ1991 በኋላ በገና እንደ ገና ተማሪ አግኝቷል፤ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ተሰልፈው ይማሩታል። በመካከሉ ያለው ዘመን ግን ከአስተማሪዎቹ መካከል ብዙዎቹ ያረፉበት ዘመን ነው።

በስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች የተሰበሰቡበት ክፍል አለ። ለዚህ ጽሑፍ ስዘጋጅ ክራሮቹንና በገናዎቹን ለማየት ሄጄ ነበር። የእንጨቱን ዓይነት፣ የቆዳውን አሰፋፍ፣ የቀንበሩን ጌጥ ሁሉ መመዝገብ ይቻላል። አውታሮቹ ግን ላልተዋል። የተቀመጠ ክራር ቅኝቱን ይዞ አይቈይም፤ መጨረሻ የተጫወተበት ሰው በትዝታ ይሁን በባቲ ቃኝቶት እንደ ነበር ከመሣሪያው ላይ ማንበብ አይቻልም። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ከጠፋ ደብዳቤ የማይሻል ነገር ነው።

ከሙዚየሙ ወጥቼ ዳገቱን ስወጣ ማታ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ያየሁትን ነገርኋቸው። «ታዲያ አንተ ጊታርህን ዛሬ በምን ቃኘኸው?» አሉኝ። ሲንና ሁለቱን ሚዎች እንዳላላሁ፣ አምባሰልን ከሬ እየፈለግሁ መሆኔን ነገርኋቸው። «እስኪ አሰማኝ» ብለው ክራራቸውን አነሡ፤ በእኔ ሬ ላይም የታችኛውን አውታር መቃኘት ጀመሩ።